ግንብ ያልቀረላት መናገሻ

ይድረስ ለደብረ ታቦር ከተማ አስተዳደር
ለደቡብ ጎንደር ዞን ባህልና ቱሪዝም መምሪያ
ግልባጭ፦ ለከተማዋ ነዋሪ በሙሉ

ጉዳዩ፦ የከተማዋ መገለጫ ሲዘጋጅና ፕላኗ ሲከለስ የጋፋትና የሰመራ መሬት አስቀድሞ ተጠንቶ እንዲከለል ስለመጠየቅ

ደብረ ታቦር ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከጎንደር በስተደቡብ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች የደጋ ከተማ ናት። የደቡብ ጎንደር ዞን መቀመጫ ስትሆን ዙሪያዋን የፋርጣ ወረዳ ይከባታል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ 55,596 ሰዎች ይኖሩባት ነበር፤ ከእነዚህ 27,644ቱ ወንዶች፣ 27,952ቱ ሴቶች ናቸው። ከዚያ ቆጠራ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቶባታል።

የከተማዋን አቀማመጥ ለመረዳት ከጉና መነሣት ይገባል። ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ የሚል ተራራ ነው፤ ከወገቡ የሚመነጩት ርብና ጉማራ በፎገራ ሜዳ በኩል ወርደው ጣና ይገባሉ። ተራራው ደመናውን ስለሚይዝ አካባቢው ክረምቱ ብርቱ፣ ምንጩም ብዙ ነው። በከተማዋና በዙሪያዋ ያሉት ምንጮች በአሥሮች የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ ሰው እዚያ ኮረብታ ላይ ሰፍሮ የቆየበት አንዱ ምክንያትም እነሱ ናቸው። በከፍታው ገብስና ድንች፣ ዝቅ ሲል ስንዴ፣ ባቄላና ጤፍ ይበቅላል። ብዙ ፈረስና በቅሎ፣ ብዙ ወታደርና ተከታይ ይዞ ለሚጓዝ የጥንት መስፍን፣ ውኃ፣ ግጦሽና እህል በአንድ ላይ የሚገኝበት እንዲህ ያለ ስፍራ ከምሽግ ይበልጥበታል።

መንገዱም ሌላ ምክንያት ነው። ከጎንደር ወደ ወሎ፣ ከጎጃም ወደ ላስታ የሚሄድ ሰው በዚህ በኩል ያልፋል። ከደብረ ታቦር ኮረብታ ላይ የተቀመጠ ሰው ጎንደርን ሳይገባባት ይቆጣጠራታል፤ ከጀርባውም የወሎን ደጋ ይዟል። ከ18ኛው ምእት ዓመት ማብቂያ ጀምሮ የቤጌምድር ጌቶች የሆኑት የየጁ መሳፍንት የፈለጉትም ይህንኑ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በጎንደር ግንብ ውስጥ ዘውድ ደፍቶ ይቀመጣል፤ ሹመትና ሽረት፣ ጦርነትና እርቅ ግን የሚወሰነው በየጁዎቹ ራሶች ሰፈር ነው።

ከተማዋን ማን እንደቆረቆራት የሚነገረው ትውፊት አንድ አይደለም። አንዳንዱ ለቀዳማዊ ራስ አሊ፣ ሌላው ለራስ ጉግሣ መርሳ ይሰጣል። በተግባር የመንግሥት መቀመጫ ያደረጓት ግን እስከ 1817 ዓ.ም. ድረስ የገዙት ራስ ጉግሣ ናቸው። ልጆቻቸው ራስ ይማምና ራስ ማርዬ በየተራ ተተኩ፤ ማርዬ በ1823 ዓ.ም. በደብረ ዓባይ ጦርነት ወደቁ፤ ከእሳቸው ቀጥለው የተሾሙት ራስ ዶሪ ጥቂት ወራት ብቻ ቆይተው በሕመም ሞቱ። ከዚያ ሥልጣኑ ገና በልጅነት ዕድሜ ለነበሩት ለዳግማዊ ራስ አሊ ደረሰ። ልጁን አስቀምጠው አገሩን ያስተዳድሩ የነበሩት እናታቸው መነን ሊበን ሲሆኑ፣ በኋላም እቴጌ ተብለዋል።

በራስ አሊ ዘመን ደብረ ታቦር የዘመነ መሳፍንት ልብ ነበረች። በየካቲት 1834 ዓ.ም. የስሜኑና የትግሬው ገዥ ደጃዝማች ውቤ በከተማዋ አጠገብ ራስ አሊን ገጥመው ድል አደረጓቸው። ራስ አሊም ሸሹ። ነገር ግን ውቤ በድላቸው ማግሥት ግብዣ ላይ እንዳሉ የራስ አሊ ወገን የሆኑት ብሩ አሊጋዝ ደርሰው ማረኳቸው፤ የተሸነፉት ራስ ተመልሰው ገዥ ሆኑ። የእንግሊዙ ቆንስላ ዋልተር ፕላውደንም በ1842 ዓ.ም. የወዳጅነትና የንግድ ውል የተዋዋለው በጎንደር ካለው ንጉሠ ነገሥት ጋር ሳይሆን ከራስ አሊ ጋር ነው። በዚያ ዘመን እውነተኛው ሥልጣን የት እንደነበረ ከዚህ ውል በላይ የሚመሰክር ሰነድ ማግኘት ያስቸግራል።

ይህ ሁሉ ታሪክ ከተፈጸመባት ከተማ ዛሬ የሚታይ ግንብ የለም። ነገሩን ለመረዳት «ከተማ» የሚለውን ቃል መመልከት ይጠቅማል። በቀድሞው አማርኛ ከተማ ማለት ንጉሥ ወይም መስፍን ከነጭፍራው የሰፈረበት ቦታ ነው፤ «ንጉሡ እገሌ ላይ ከተሙ» ሲባል ድንኳናቸውን ተክለው ተቀመጡ ማለት ነው። ደብረ ታቦር የዚህ ዓይነት ከተማ ነበረች። አዳራሹ በእንጨትና በጭቃ የቆመ፣ በሣር የተከደነ፣ ዙሪያው በድንኳንና በጎጆ የተሞላ ነው። ጌታው ሲዘምት ሰፈሩ ይሳሳል፤ ሲመለስ ይሞላል፤ ጠላት ሲደርስ ደግሞ በአንድ ሌሊት አመድ ይሆናል። የጎንደር ግንቦች በኖራና በድንጋይ ስለተሠሩ ለራሳቸው ይመሰክራሉ፤ መንገደኛው ስማቸውን ባያውቅ እንኳ ቆሞ ያያቸዋል። የደብረ ታቦር ቅርስ ግን በአብዛኛው ከመሬት በላይ የለም። ያለው በአፈሩ ውስጥ፣ በቦታ ስሞችና በሰው ቃል ነው። የዚህ ደብዳቤ ጥያቄ የሚመነጨውም ከዚህ ልዩነት ነው።

ራስ አሊ በ1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ በደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ድል ሆኑ። ካሣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ ጫኑ፤ የተሸነፉትን የጌታቸውን ከተማም መቀመጫቸው አደረጓት። ከደብረ ታቦር ወደ ጎንደር፣ ወደ ጎጃምና ወደ መቅደላ መንገድ ማስጠረግ የጀመሩት ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው፤ በቦታው የነበሩ የውጭ ሰዎች ንጉሠ ነገሥቱ በገዛ እጃቸው ድንጋይ ሲያነሡ ማየታቸውን ጽፈዋል። ነገር ግን ከተማዋን በዓለም ታሪክ ውስጥ ያስገባት ከእሷ ጥቂት ራቅ ብሎ ያለው ትንሹ ኮረብታ ጋፋት ነው።

በኢየሩሳሌም የነበሩት የፕሮቴስታንት ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት፣ ባዜል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪሾና የሚስዮን ትምህርት ቤት የወጡ ወጣት የእጅ ባለሙያዎችን ወደ ኢትዮጵያ ልከው ነበር። ከእነሱም ቴዎፍሎስ ቫልድማየር፣ ካርል ዛልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየርና ኪንስለን ይገኙበታል። ሌሎችም ተጨመሩ፤ ፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎ እና ከፖላንድ የመጣው ሞሪትዝ ሆል በዚያው መንደር ሠርተዋል። ዓላማቸው መጽሐፍ ቅዱስ ማዳረስ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ግን ከስብከታቸው ይልቅ ሙያቸውን ፈለጉ። በ1850ዎቹ መጀመሪያ ጋፋት ላይ መሬትና ሰው ተሰጣቸው፤ ቤት ሠሩ፤ የብረትና የእንጨት ሥራ ማካሄጃ አቋቋሙ፤ የአገሬው ወጣቶች ፊደልና ሙያ የሚማሩበት ቦታም ሆነ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። በዚያ ዘመን፣ ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ፣ ብረት የሚቀጠቅጥና ሸክላ የሚሠራ ሰው በአገራችን የተናቀ ነበር። «ቀጥቃጭ»፣ «ቡዳ» እየተባለ ይሰደባል፤ አይጋባም፤ ርስት የማይነካበትም አገር ብዙ ነው። በጎንደርና በጣና ዙሪያ ይህን የእጅ ሙያ ይዘው የኖሩት ቤተ እስራኤላውያን የንቀቱን ክብደት ያውቁታል። ንጉሠ ነገሥቱ ወናፍና መዶሻን ወደ ራሳቸው ከተማ አስጠግተው፣ ሥራውን እየተመላለሱ መጎብኘታቸው በኋላ እዚያ ከተሠራው መድፍ ባልተናነሰ መታሰብ ያለበት ነገር ነው። በሌላ በኩል ጋፋት የደስታ ቦታ ብቻ አልነበረም። ባለሙያዎቹ ከንጉሡ ፈቃድ ውጭ መሄድ አይችሉም ነበር፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ንጉሡ ካሰሯቸው ሌሎች አውሮፓውያን ብዙም አልተለዩም። መድፍ እንዲሠሩ ሲታዘዙ ሙያውን እንደማያውቁ ቢናገሩም ትእዛዙ አልተነሣላቸውም። መገለጫው ጋፋትን ሲያነሣ ሁለቱንም ገጽ ቢያሳይ ታሪኩ አያንስም፤ እንዲያውም ይታመናል።

የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከሸፉ። እሳቱን የሚችል ሸክላ ማግኘት፣ ያን ያህል ነሐስ በአንድ ጊዜ አቅልጦ ሳይቋረጥ ወደ ቅርጹ ማፍሰስ፣ ቅርጹንም ከእርጥበት መጠበቅ በልምድ ብቻ የሚገኝ ሙያ ነው፤ ያን ልምድ ያካበተ ሰው ጋፋት ላይ አልነበረም። በውድቀት እየተማሩ ትናንሽ መድፎች ወጡላቸው፤ ቀጥሎም ተለቅ ያሉት። በመጨረሻ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው፣ ቦምቡን ወደ ላይ አጉኖ የሚወረውረው ግዙፍ መድፍ ተሠራ። ስሙም ሴባስቶፖል ተባለ። በክሪሚያ ጦርነት የሴባስቶፖል ምሽግ የተከበበው ዐፄ ቴዎድሮስ ዘውድ በጫኑበት በዚያው ዓመት ነበርና የስሙ ወሬ ከባሕር ማዶ ደብረ ታቦር ደርሷል።

የአውሮፓውያኑ ስም በመጽሐፍ ቀርቷል። ቫልድማየር የሊቀ መኳስ ዮሐንስን፣ ማለትም የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን፣ ልጅ አግብቶ፣ በኋላ ሊባኖስ ሄዶ ብሩማና ላይ እስከ ዛሬ ያለ ትምህርት ቤት መሠረተ። ሞሪትዝ ሆል ያፋ ሰፈረ፤ ከኢትዮጵያ ተወላጅ ባለቤቱ የወለዳት ማግዳሌና የታዋቂው የእንግሊዝ ፊልም ተዋናይ የፒተር ኡስቲኖቭ አያት ናት። ከሰሉን ያከሰሉት፣ ጭቃውን የረገጡት፣ ወናፉን ሲነፉ ያደሩትና ነሐሱን ያፈሰሱት ኢትዮጵያውያን ስም ግን ከሞላ ጎደል የለም። ዘሮቻቸው በፋርጣና በከተማዋ ቀበሌዎች ይኖሩ ይሆናል። በቃል የተረፈ ነገር ካለ ሊሰበሰብ የሚችለው ሽማግሌዎቹና አሮጊቶቹ በሕይወት እስካሉ ድረስ ብቻ ነው።

በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በመስከረም ማለቂያ ላይ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን በገዛ እጃቸው አቃጥለው ለቀቁ። አገሩ ሸፍቶባቸው፣ ጦራቸው ተመናምኖ፣ እንግሊዞችም ንጉሠ ነገሥቱ ያሰሯቸውን ወገኖቻቸውን ለማስለቀቅ ጦር እየላኩ ነበር። መድፎቹ ጋፋት ላይ በተሠሩ ሠረገሎች ተጭነው ጉዞ ተጀመረ። በደብረ ዘቢጥ፣ በቤተ ሖር፣ በጅጣና በበሽሎ ገደሎች አድርጎ መቅደላ ለመድረስ ስድስት ወር ያህል ፈጀ። ሴባስቶፖልን በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በጠፍር ይጎትቱታል፤ ሌሎች ከፊት ከፊት ድንጋይ እየፈነቀሉ መንገድ ይጠርጋሉ፤ ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ከኋላ ይዘው ያወርዱታል። የእንግሊዙ የጄኔራል ናፒየር ጦር ከሰሜን መጥቶ ቤተ ሖር ሲደርስ ይህን መንገድ አገኘው፤ ገደሉንም የወረደው በዚያው ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በመቅደላ አምባ ሕይወታቸውን አጠፉ። ሴባስቶፖል እዚያው ወድቆ ቀረ፤ ዛሬም በዚያው አለ። አዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና ላይ ያለው ምስሉ ነው። መድፉ መቅደላ፣ ምስሉ አዲስ አበባ ሲሆን የተወለደበት እቶን ደብረ ታቦር ነው።

የተቃጠለችው ከተማ አልጠፋችም። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ሰሜኑን ትተው ወደ መካከሉ ሲወርዱ ደብረ ታቦርንና አጠገቧ ያለችውን ሰመራን መቀመጫቸው አደረጉ። የግብፅ ጦር በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራዕ ላይ ከተደመሰሰ በኋላ፣ የግብፁ ገዥ የኬዲቩ መልእክተኛ ሆኖ የመጣው ቻርልስ ጎርደን በጥቅምት 1872 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ያገኛቸው እዚሁ ነው። ዐፄ ዮሐንስ ቦጎስ እንዲመለስ፣ የምፅዋም በር እንዲከፈት ጠየቁ፤ ጎርደን ያለ ስምምነት ተመለሰ። ከ1 ዓመት ከጥቂት ወራት በኋላ ጀርመናዊው ተጓዥ ጌርሃርድ ሮልፍስ እንዲሁ እዚሁ ድረስ መጥቶ ንጉሠ ነገሥቱ ፊት ቀርቧል። የምፅዋ ጥያቄ፣ ማለትም የኢትዮጵያ የባሕር በር ጉዳይ፣ ከባሕር እጅግ በራቀችው በዚህች ደጋ ላይ በይፋ መነጋገሪያ መሆኑ ለከተማዋ መገለጫ ትልቅ ምዕራፍ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን የመናገሻነት ሳይሆን የግዛት መቀመጫነት ነው። የእቴጌ ጣይቱ ወንድም ልጅ፣ የንግሥት ዘውዲቱም ባለቤት የነበሩት ራስ ጉግሣ ወሌ ቤጌምድርን የገዙት ከደብረ ታቦር ሆነው ሲሆን፣ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ ከማዕከላዊው መንግሥት ጦር ጋር ተዋግተው ወደቁ። በዚያ ውጊያ አውሮፕላን ከሰማይ ቦምብ ጥሏል፤ መድፎቹ ከጋፋት ከወጡ ስድሳ ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር። የኢጣልያ ጦር በ1928 ዓ.ም. ከተማዋን ያዘ፤ ምሽግም አደረጋት፤ በሰኔ 1933 ዓ.ም. መጨረሻ ግን ጦሩ እጁን ሰጠ። ጎንደር የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ ስትሆን ደብረ ታቦር የአውራጃ መቀመጫ ሆነች፤ የአሁኑ ክልላዊ አወቃቀር ሲመጣ ደግሞ የዞን ከተማነቷን አገኘች።

ደርግ በነበረበት ዘመን በቻይናውያን ባለሙያዎች የተሠራው የወረታ ወልድያ መንገድ ለከተማዋ ሁለተኛ ልደት ነበር ማለት ይቻላል። ቀድሞ በክረምት ከዓለም የምትቆረጠው ደጋ ከባሕር ዳርና ከጎንደር፣ በጋሸናም በኩል ከላሊበላ ጋር ተገናኘች። የፋርጣ፣ የጋይንትና የእብናት ገበሬ እህልና ከብቱን ይዞ የሚወጣው በዚህ መንገድ ነው። ከባሕር ዳር ተነሥቶ ላሊበላን ሊሳለም የሚሄደው መንገደኛም ደብረ ታቦርን አቋርጦ ያልፋል፤ ምሳ በልቶ ይቀጥላል። ያለፈበት ቦታ ምን እንደነበረ ቢነገረው ኖሮ ብዙዎቹ አንድ ቀን በደስታ ይቆዩ ነበር።

የከተማዋ ስም የተወሰደው ጌታ ብርሃነ መለኮቱን ከገለጠበት ከገሊላው የታቦር ተራራ ነው። ስለዚህ ነሐሴ 13 የሚውለው የደብረ ታቦር በዓል፣ ሕዝቡ ቡሄ የሚለው፣ በሌላው አገር የክረምት በዓል ሲሆን እዚህ የከተማዋ ስመ በዓል ጭምር ነው። ጅራፉ ይጮሃል፤ ሙልሙሉ ይጋገራል፤ ማታ ችቦ ይበራል፤ ልጆች በየደጁ እየዞሩ ይዘፍናሉ። ይህን በዓል ለማድመቅ የሚደረገው ጥረት የሚያስመሰግን ነው። እንግዳው ለቡሄ ሲመጣ ግን ጋፋትን የሚያሳየው፣ ሰመራን የሚያስረዳው ሰው ያስፈልገዋል።

ከዚህ በላይ የተዘረዘረው ሁሉ ወደ አንድ የመሬት ጥያቄ ይመለሳል። የከተሞች መገለጫ በተለመደው አሠራር ከፍታ፣ የአየር ጠባይ፣ የቀበሌ ብዛት፣ የመሠረተ ልማትና የኢንቨስትመንት አማራጭ ይዘረዝራል። ይህ ሁሉ አስፈላጊ ነው። ለደብረ ታቦር ግን አንድ ካርታ ይጨመር፤ የራሶቹ አዳራሽ የነበረበት ኮረብታ፣ የጋፋት መንደር፣ የሰመራ ሰፈር፣ የ1834ቱ ጦር ሜዳና መድፎቹ የወጡበት መንገድ የሚታዩበት ካርታ። እቶን የነበረበት መሬት የተቃጠለ ሸክላ፣ ከሰልና የቀለጠ ማዕድን ዝቃጭ ይዞ ይቀራል፤ ባለሙያ ቢቆፍረው ብዙ ይናገራል። ለቤት መሠረት አንድ ጊዜ ከተቆፈረና አፈሩ በገልባጭ መኪና ከተወሰደ ግን መልሶ የሚያናግረው የለም። ግንብ ቢፈርስ ፍራሹ ይቀራል። የደብረ ታቦር ዓይነቱ ቅርስ ፍራሽ እንኳ የለውም።

ሕጉ ለዚህ በቂ መነሻ ይሰጣል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቁፋሮ ላይ ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያስታውቅ ያዛል፤ የማይንቀሳቀስ ቅርስ ያለበት ስፍራም ተለይቶ እንዲከለል መንገድ ይከፍታል። የሚቀረው የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው፤ ጥናቱ ከምሪቱ መቅደም አለበት።

ስለዚህ አስተዳደሩ የፕላን ሥራ በሚያካሂድበት ጊዜ የጋፋትንና የሰመራን ዙሪያ ቦታ ለግንባታ ከመስጠቱ በፊት በአርኪዮሎጂ ባለሙያ እንዲያስጠና፤ መምሪያው የአካባቢውን ሽማግሌዎች ቃል በድምፅ እንዲያስቀርጽ፤ በጋፋትም የሚቆመው ማንኛውም ጽሑፍ ከአውሮፓውያኑ ስም ጎን ወናፍ የነፉትንና መድፉን የጎተቱትን ኢትዮጵያውያን እንዲያነሣ ይጠየቃል። ነዋሪውም ለቤቱ መሠረት ሲቆፍር የተቃጠለ ሸክላ ወይም የቀለጠ ነሐስ ቢያገኝ ሳይጥለው በቅርብ ላለው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ይዞ ይሂድ።